የጀማሉዲን ኢስቲኻራ

ባሌን ጀማሉዲንን የሚያውቅ ሁሉ "እሱማ መልአክ ነው" ይለኛል። እኔ ደግሞ "መልአክ ካልሲውን የት የት እንደሚጥል ብታዩ!" እላለሁ። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ ይሄ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ ሲነዳ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ተሳፋሪ የረሳውን ዕቃ ቤት ያመጣና ባለቤቱ እስኪገኝ እንዳልነካ ያስጠነቅቀኛል። አንዴ እግሯ የታሰረ የሰው ዶሮ አምጥቶ ሳምንት ሙሉ አስቀልቦኛል። ባለቤቷ መጥታ ስትወስዳት ዶሮዋ ወፍራ ነበር፤ የታደለች።

አንድ በሽታ ብቻ አለበት፤ ሐረጎ ላይ መቀደም አይወድም።

ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ነው። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ብርዱ ይጨምራል፤ ሞተሩም አየር ያጥረዋል። ባሌ እንዳስረዳኝ ከሆነ ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን በግድ ስቦ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ዳገቱን ከምንም አይቆጥረውም። ቱርቦ የሌለው ያገኘውን ያህል ብቻ ተንፍሶ፣ እንደኔ ደረቱን ይዞ እያቃሰተ ይወጣል። ጀማሉዲን ዕድሜውን ሙሉ የነዳው ይሄን የሚያቃስተውን ነው፤ እሱንም የሰው ንብረት። ሌሎቹ ሹፌሮች ጡሩንባ እየነፉ ያልፉታል። በተለይ ምንይሉ የሚባለው፣ ምላሱ ስለት ነው፣ ደሴ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀውና "ጀማሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ለሱብሂ ተነስተህ ቀትር ላይ ለዙህር ደረስክ?" ይለዋል። ባሌ አብሮ ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን ያ ሳቅ የለም፤ ከእራቱ ጋር ይኮራረፋል።

እኔ ሐዋ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ክር ክፍል ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የማሽን ጩኸት ስሰማ ስለምውል ቤቴ ስገባ ስለ ሞተር ወሬ መስማት አልፈልግም። ግን ማን ይሰማኛል?

ታዲያ ራሂማ ከጂዳ ተመለሰች። ራሂማ የሰፈራችን ልጅ ናት፣ ባሏ በልጅነቷ የሞተባት። ልጇን ፋኢዛን ለእናቷ ትታ ስትሄድ ልጅቷ ጡት እንኳ በቅጡ አልተወችም ነበር። ስትመለስ ፋኢዛ ከእናቷ ቁመት በልጣ፣ በር ላይ ቆማ "እንኳን ደህና መጣሽ" ብላ እጇን ዘረጋችላት። እጇን! እናቷ እኮ ናት! ራሂማ ያቺን ቀን ስታወራ ዛሬም ታለቅሳለች። "ወላሂ ሁለተኛ ባሕር አልሻገርም" ብላ ማለች። ያጠራቀመችውን ሁሉ አውጥታ ሚኒባስ ልትገዛ፣ ባሌ ሊነዳላት፣ እሷ ደግሞ ከልጇ ጋር ዳግመኛ ልትላመድ፤ ሐሳቧ ይሄ ብቻ ነበር። ትልቅ ነገር አልተመኘችም።

ሁለት መኪና ተገኘ። አንዱ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ አዲስ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ያልተቀደደ፣ ግን ቱርቦ የሌለው። ሌላው ደሴ ያለ፣ ያገለገለ፣ ቱርቦ ያለው። ራሂማ ከሰው ባል ጋር ብቻዋን መኪና ውስጥ መግባት ነውር ስለሚመስላት እኔም የዕረፍት ቀኔን ሠውቼ አብሬ ሄድኩ።

መጀመሪያ በአዲሱ ሐረጎን ወጣን። መኪናው ፀጥ ያለ ነው፤ መስኮቱ አይንቀጫቀጭም፤ አዲስ አዲስ ይሸታል። ዳገቱ ጋ ሲደርስ ግን ባሌ ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለሰና ተያያዝነው። አንዱ አለፈን። ሌላው አለፈን። ሙዝ የጫነ አይሱዙ እንኳ አለፈን። ራሂማ ከኋላ ሆና "እሰይ፣ ቀስ ይበል፣ ሰው ነው የሚጭነው" ትላለች። ባሌ ጥርሱን ነክሶ መሪውን ጨብጧል።

ደሴ የጠበቀን አግማስ የሚባል ሻጭ ነው፤ አፉ ማር። "ገብርኤል ምስክሬ ነው እማማ፣ ይቺን መኪና የምሸጣት እያለቀስኩ ነው" አለኝ። እማማ ብሎኝ ሞቷል! ከራሂማ በምን እበልጣለሁ? መኪናው ከውጭ ታጥቦ ያብለጨልጫል፤ የመሪው ቆዳ ግን ተልጧል። ባሌ ሞተሩን ከፍቶ አጎንብሶ አየ። ወደ ቱርቦው የሚገባውን ቱቦ ፈታ አደረገና ጣቱን ከተተ። ጣቱ በዘይት ረጥቦ ወጣ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ "ምንድነው እሱ?" አልኩት። "ምንም አይደል፣ ትንሽ ያላበዋል" አለኝና ሱሪው ላይ ጠረገው። እኔ ዘይቱ ሳይሆን ሱሪው ነው ያንገበገበኝ፤ አጣቢዋ እኔ።

ከዚያ ወደ ታች ነዳትና ሐረጎ እግር ሥር አዞራት። ነዳጅ ሲሰጣት ከውስጥ ፉጨት መጣ፣ ቀጭን፣ እየጨመረ የሚሄድ፤ ወዲያው ወንበሩ ጀርባዬን ሲገፋኝ ተሰማኝ። ዳገት የት አለ? ሜዳ ሆነ! አንዱን አለፈ፤ ሌላውን አለፈ። መታጠፊያው ላይ ምንይሉን አገኘው። የምንይሉ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ጭኗል፤ የኛ ባዶ ነው፤ ይሄን ማን ያስባል? ባሌ ጡሩንባውን ነፋበትና ጥሎት ሄደ። እኔ የባሌን ፊት አየሁ። እኔን ያገባ ዕለት እንኳ እንዲያ አልበራም፤ በአላህ እምላለሁ።

በአዲሱ ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ራሂማ "ጀማሉ፣ እንግዲህ ሹፌሩ አንተ ነህ። የትኛው ይሻለኛል?" አለችው።

"ሁለቱም የየራሱ ነገር አለው" አላት። ይሄን ሲላት አላያትም፤ መንገዱን ነው የሚያየው።

"እኔ ተምታታብኝ። አንተ የሸህ ልጅ ነህ፤ አዛን ባያችን ነህ። ኢስቲኻራ ስገድልኝ። ልብህ ወዳዘነበለው እገዛለሁ።"

ኢስቲኻራ ሰው ሁለት ነገር ሲያማታው ሁለት ረከዓ ሰግዶ "ያ አላህ፣ ኸይሩን አንተ ምረጥልኝ" የሚልበት ነው። ከዚያ ልብ ያረፈበትን መያዝ ነው። ሸሆቹ "ባለጉዳዩ ራሱ ነው የሚሰግደው" እያሉ ስንት ጊዜ መክረውናል። እኛ ሰፈር ግን ማን ሰምቶ! "እኔ ማን ነኝና" እንልና ደግ ይመስለናል ወደምንለው ሰው እንሮጣለን። መንገድ የሚያስብ፣ ልጅ የሚድር፣ ቤት የሚሠራ ሁሉ "ስገድልኝ" ይላል።

ባሌ ማርሽ ቀየረና "ኢንሻአላህ" አላት።

ሳምንት ሳይሞላ ያገለገለው መኪና በራችን ላይ ቆመ። መስታወቱ ላይ በትልቁ "ማሻአላህ" ተጽፏል። የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ አደረጉለት፤ ንፍሮ ተበላ፤ ልጆች ገብተው ወንበሩ ላይ ዘለሉ። ራሂማ አዲስ ሻርፕ ይዛልኝ መጣች፤ አንገቴ ላይ ጠምጥማ ሳመችኝና "ሐዋዬ፣ የባልሽን ኢስቲኻራ አላህ ሰማልኝ። 'ሰግጄልሻለሁ፣ ልቤ ወዳገለገለው ነው' ሲለኝ አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ሄጄ ገዛሁ" አለችኝ።

እኔ ወደ ባሌ ዞርኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ ምንም ያልሆነ ጎማ ይመረምራል።

እንግዳው ሲበተን በሩን ዘጋሁና "መቼ ነው የሰገድከው?" አልኩት። ከደሴ በመጣን ዕለት ዒሻን ሰግዶ፣ ሁለት ሰው የሚያጠግብ እራት በልቶ፣ ጣሪያው እስኪነሳ ያንኮራፋው ሰውዬ ነው!

"ልቤ አዘንብሏል ነው ያልኳት። ውሸት አይደለም።"

"ልብህማ ሐረጎ ላይ ነው የተገለበጠው! እኔ የምጠይቅህ ሰግደሃል ወይ ነው።"

ወንበር ላይ ቁጭ አለ። "አልሰገድኩም" አለኝ።

"ለምን? ሁለት ረከዓ ምን ያህል ይፈጃል? ጥርስህን ከምትፍቅበት ይበልጣል?"

"ብሰግድና አዲሱን ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ፣ ሐዋ።"

ይሄን ሲለኝ ቁጣዬ ጠፋብኝ። ሌላ ሰው ቢዋሽ ይዋሻል። ይሄ ግን አላህ መልስ እንደሚሰጠው አምኖ፣ መልሱን ላለመስማት ጆሮውን የደፈነ ሰው ነው። "ነገ ሄደህ ንገራት" አልኩት። "እሺ" አለኝ። ያ ነገ ሳይመጣ ወር አለፈ፤ ወሩም ሌላ ወር ወለደ።

መጀመሪያ ላይ ደስታውን ቢያዩለት! ምንይሉ አፉ ተለጎመ። ባሌ ደሴ ሲደርስ ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፤ "ቱርቦ ከሮጠ በኋላ ትንሽ ማረፍ አለበት" እያለ መሪው ላይ ተቀምጦ ሲያንጎራጉረው ሰው ያየዋል። ራሂማም የባሌን ኢስቲኻራ ለሰፈሩ ሁሉ አወራችው። ያኔ ነው መከራው የጀመረው። ሰው በራችንን ማንኳኳት ያዘ። ሐርቡ መሬት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ የሚል መጣ። ሁለት ወንድ ጠይቀዋት የተቸገረች ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። ባሌ በጓሮ በር ይወጣል፤ እኔ "የለም" እላለሁ። ከዚያ ደግሞ "ትሕትናው!" ብለው ይበልጥ አከበሩት። መስጊድ ውስጥ "ጀማሉ፣ አዛን በል" ሲሉት ጉሮሮዬን አሞኛል ይላል። ዓመት ሙሉ የሚያም ጉሮሮ ከየት ይመጣል? ሰው ማር ሲልክለት ነበር፤ ማሩን እኔ ነኝ የበላሁት፣ እሱ አልነካውም።

ክረምቱ ሲገባ መኪናው ማጨስ ጀመረ። ሐረጎን ሲወጣ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፤ የሚከተለው መንገዱን አያይም። ቱርቦው ዘይት ይበላ ነበር። ከዚያ ያ ፉጨት ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ እኔ እንኳ በማሽን ጆሮዬ ይሄ የጤና እንዳልሆነ ለየሁት። አንድ ቀን ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገቱ መሃል ቆመ። ተሳፋሪው በዝናብ ወርዶ ሌላ መኪና ለመነ። ጋራዥ ገባ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። በኋላማ መንገድ ላይ ከሚውልበት ጋራዥ የሚውልበት በለጠ።

ባሌን የገደለው ግን መበላሸቱ አይደለም፤ የራሂማ ትዕግሥት ነው። ብትጮህበት፣ "አንተ ነህ ይሄን ብረት ያስገዛኸኝ" ብትለው ይሻለው ነበር። እሷ እቴ! "ኸይር ነው ጀማሉ፣ አብሽር። አላህ የመረጠልኝ ነው። ከበስተኋላው የማናውቀው ኸይር ይኖረዋል" ትለዋለች። ጭራሽ ታጽናናዋለች! እሱ ከጋራዥ እጁ ጠቁሮ ይመጣና ምሳውን ፊቱ አስቀምጦ ያየዋል። "ብላ እንጂ" ስለው "አይወርድልኝም" ይላል። ሰውነቱ እያለቀ ሄደ። አዘንኩለት፤ አልዋሽም። አዝኜለትም ግን አልተውኩትም። "ምላስህ ነው የታመመው፣ ጉሮሮህ አይደለም። ንገራትና ዳን!" እለዋለሁ። "መኪናው ይጠገንና እነግራታለሁ፤ በተበላሸ መኪና ላይ እንዴት ይሄን እጨምርባታለሁ?" ይለኛል። ሰበብ እኮ ለፈለገ ሰው አያልቅም።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ራሂማ ቤታችን መጣች። ፊቷ ከስቷል። ተቀመጪ ብላት በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ባሌ ፊት ለፊቷ አለ።

"ጀማሉ" አለችው፣ "ጂዳ የሠራሁባት ሴትዮ ደውላልኛለች። ተመለሺ፣ ቦታሽ አለ ትለኛለች። መኪናው እንግዲህ እንደምታየው ነው። ቤቱ ደግሞ መብላት አለበት።"

"ፋኢዛስ?" አልኳት እኔ ቀድሜ።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። "ትናንት ፀጉሬን ሠርተሽኝ ትምህርት ቤት ልሂድ አለችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ 'እማ' ብላ የጠራችኝ ገና ባለፈው ወር ነው፣ ሐዋ። አሁን ብሄድ ሁለተኛ አትጠራኝም።" እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ባሌ ዞረች። "ስገድልኝ፣ ወንድሜ። ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ፤ ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። እንደ ባለፈው አንድ ቃል አልጨምርም።"

ባሌ መሬት መሬት ያያል። እኔ ደሜ ፈላ፤ ዛሬ ካልተናገረ እኔው እናገራለሁ ብዬ አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

"አልሰግድልሽም" አላት።

"ምነው? አስቀየምኩህ እንዴ?"

"ያኔም አልሰገድኩልሽም።"

ራሂማ አልገባትም። ወደ እኔ አየች፤ እኔ ዓይኔን ሰበርኩ።

"ለመኪናው ጊዜ" አለ ባሌ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። "አንዲት ረከዓ አልሰገድኩም። ዘይት መብላቱንም በጣቴ አይቼ ሱሪዬ ላይ ጠርጌዋለሁ። ነድቼው ወደድኩት፤ በቃ። ሐረጎ ላይ ሰው መቅደም አምሮኝ ነው፣ ራሂማ። ለዚህ ብዬ ነው በአላህ ስም የዋሸሁሽ።"

ጮኻ ቤቱን ታፈርሰዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን የተቀመጥኩበትን ዱካ አንስቼ ነበር። እሷ ግን እንደተቀመጠች ቀረች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣

"እኔ ሰግጄ ነበር" አለች።

"ምን?" አላት ባሌ።

"አንተን ካስቸገርኩህ በኋላ ቤቴ ገብቼ እኔም ሰገድኩ። ልቤ ወደ አዲሱ ነበር። ደግሞ እንዲያው ትንሽ ዘንበል ማለት አይደለም፤ ቁርጥ ብሎ አዲሱ ነበር። ከዚያ አንተ ያገለገለው ነው ስትለኝ፣ እንግዲያው የኔ ሶላት አልደረሰም አልኩ። ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ አንቺ ዕድሜሽን የሰው ሽንት ቤት በማጠብ የጨረስሽ፣ ልጅሽን ጥለሽ የሄድሽ፣ አንቺን ማን ይሰማል? ጀማሉ እዚሁ ሲሰግድ የኖረ ሰው ነው፤ የሚሰማው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄን ዘርግቼ ለራሴ ምንም ለምኜ አላውቅም። ፋኢዛ ስትታመም እንኳ ሌላ ሰው ነው ያስለመንኩት።"

ቀና ብላ አየችው።

"ዓመቱን ሙሉ አላህ አኩርፎኛል ብዬ ነው እኮ የኖርኩት፣ ጀማሉ።"

ባሌ ከወንበሩ ወረደና መሬት ላይ ተንበረከከ። "አውፍ በይኝ" አላት። እኔ ካገባሁት ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም።

"መኪናውን አውፍ ብዬሃለሁ" አለችው። "ብረት ነው፤ ያወጣውን ያውጣ፣ ይሸጣል። ሌላውን ግን ዛሬ አትጠይቀኝ። ከአፌ አይወጣም። ቁልፉን አምጣ።"

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ያዘችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "መስገጃ አለሽ?" አለችኝ። ውሃ ቀዳሁላትና ውዱእ አደረገች። መስገጃዬን ጓዳ አንጥፌላት መጋረጃውን መለስኩ። ውስጥ ምን እንዳለች አልሰማንም፤ ግንባሯን መስገጃው ላይ ደፍታ ለረጅም ጊዜ ሱጁድ ላይ እንደቆየች ብቻ ከዝምታው አወቅን። ባሌ ከመሬቱ አልተነሳም፤ እኔም ተነስ አላልኩትም።

ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን የሌላ ሰው ፊት ነው፤ የዱሮዋ ራሂማ፣ ጂዳ ሳትሄድ በፊት የማውቃት።

"አልሄድም" አለችኝ። "የምበላው አይጠፋም። ከልጄ አልለይም።"

ባሌ እፎይ ብሎ ቀና አለ። "አልሐምዱሊላህ! እኔም እኮ ልቤ..." ብሎ ጀመረ።

ራሂማ ጫማዋን እያጠለቀች አየችው።

"ያንተን ልብ አልጠየቅኩም" አለችውና ወጣች።